ትናንሽ የአጋዘን ዝርያዎችን ማርባት፦ አጥሩ፣ መኖውና ሒሳቡ

ትናንሽ አጋዘኖችን ለማርባት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከአንድ ቀላል ስሌት ነው፦ ትንሽ እንስሳ ትንሽ ይበላል፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ቶሎ ይወልዳል፤ ስለዚህ ያተርፋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ባብዛኛው እውነት ናቸው። የሚያሳስተው መካከለኛው ነው። አጋዘን የሚፈልገውን ቦታ የሚወስነው የሰውነቱ መጠን ሳይሆን ከቢጤዎቹ ጋር አብሮ መኖር መቻል አለመቻሉ ነው። በመንጋ የሚኖር ዝርያ በአንድ አጥር ውስጥ ሠላሳና አርባ ሆኖ ይግጣል፤ ብቸኛ የሆነው ግን ለእያንዳንዱ ወንድ የራሱን ጉረኖ ይጠይቃል። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ አጥር ስለሆነ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ አንድ ሜትር አጥር በዓመት ስንት ኪሎ ሥጋ ይመልሳል?

ፈቃድ

እንስሳ ከመፈለግዎ በፊት የዱር እንስሳትን የሚያስተዳድረውንም የእንስሳት ጤናን የሚቆጣጠረውንም መሥሪያ ቤት ይጠይቁ። አንዱ ፈቅዶ ሌላው ሊከለክል ይችላል። ዝርያው፣ የአጥሩ ቁመት፣ የጆሮ ቁጥሩ፣ የዝውውር ወረቀቱ፣ የሥጋ ምርመራው በየአገሩ የተለያየ ነው፤ መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።

አንዳንዱ ዝርያ ጨርሶ አይፈቀድም። የአውሮፓ ኅብረት ሙንትጃክ የተባለውን ትንሽ አጋዘን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አክሲስ የተባለውን ደግሞ በ2022 በወራሪ መጤ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል፤ በዝርዝሩ ላይ ያለን ዝርያ ማርባት፣ መሸጥና ማጓጓዝ ክልክል ነው። ይህ ያለምክንያት የመጣ ጥንቃቄ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዝ ከዎበርን ፓርክ የወጡት ሙንትጃኮች ተራብተው ዛሬ የደቡብ እንግሊዝን ጫካዎች ወርረዋል፤ የዛፍ ቡቃያና የጫካ አበባ እየበሉ ይጨርሳሉ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው፣ አጋዘንን እያመነመነ የሚገድለው የፕሪዮን (የተበላሸ ፕሮቲን) በሽታ እንስሳን ከእርሻ ወደ እርሻ ማዘዋወርን በጥብቅ ቁጥጥር ሥር አስገብቶታል። አጥርዎ ቢከፈት የሚጎዳው የእርስዎ ኪስ ብቻ አይደለም።

ከዱር የተያዘ እንስሳ አይግዙ። ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ ከዱር የተያዘ አዋቂ አጋዘን በአጥር ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራሱን ከሽቦ ጋር እያላተመ ይሞታል፤ የተረፈውም ፍርሃቱን ለግልገሎቹ ያወርሳል። በአጥር ውስጥ ተወልዶ ሰው ያየ እንስሳ በውድ ቢሸጥም ይረክሳል።

ዝርያዎቹ

ሙንትጃክ ከ10 እስከ 18 ኪሎ ይመዝናል፤ የትከሻው ቁመት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ሴቷ በ7 እና በ8 ወሯ ለስሪያ ትደርሳለች፣ 210 ቀን ያህል ታረግዛለች፣ በወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና ትሰረራለች። የተወሰነ የመውለጃ ወቅት የለውም። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያማልላል። ነገር ግን የምትወልደው አንድ ብቻ ነው፣ ወንዶቹ በሹል የላይ ክራንቻቸው ይቀዳደዳሉ፣ ሴቶቹም ጠባብ ቦታ ላይ ሲበዙ ይጣላሉ። አንድ ወንድ ከሁለት ሴት ጋር በአንድ ጉረኖ ማኖር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ መሄድ አደጋ ነው።

የቻይና የውሃ አጋዘን ከ11 እስከ 18 ኪሎ ሲሆን ቀንድ የለውም፤ ወንዱ ረጅም ክራንቻ አለው። ከአጋዘኖች ሁሉ በብዛት በመውለድ ይታወቃል፦ ሁለትና ሦስት የተለመደ ነው፣ ከዚያም በላይ ይወልዳል። ብዙ ሰው የሚሳበው በዚህ ቁጥር ነው። ሆኖም ሲወለድ ክብደቱ አንድ ኪሎ የማይሞላው ግልገል ቅዝቃዜና ዝናብ አይችልም፤ ከሚወለዱት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። እንስሳው በጣም ደንጋጭ ነው። ለሥጋ እርባታ አንመክረውም።

ሮ አጋዘን ከ18 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ሥጋው ድንቅ ነው፣ እርባታው ግን አይሳካም ማለት ይቻላል። ወንዱ ክልሉን አጥብቆ ይጠብቃል፣ መኖ መራጭ ነው፣ ተራ ሣርና ድርቆሽ ብቻ ከተሰጠው ይመነምናል። በአውሮፓ በጋ ከሚሆነው ስሪያ በኋላ ፅንሱ ማደግ የሚጀምረው ከአምስት ወር ገደማ ቆይቶ ስለሆነ እርግዝናው 10 ወር ያህል ይወስዳል፤ በዓመት ከአንድ ወሊድ በላይ ማግኘት አይቻልም።

የሚስክ አጋዘን የሥጋ ጉዳይ አይደለም። ከእውነተኞቹ አጋዘኖች ቤተሰብም አይመደብም። ወንዱ በሆዱ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ 25 ግራም ያህል ሚስክ፣ ማለትም ለሽቶ የሚሆን ቅመም ይይዛል፤ ቻይና እንስሳውን ሳትገድል ሚስኩን እየወሰደች ለማርባት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ስትሠራ ቆይታለች። እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ ክፍል ያስፈልገዋል፣ ጭንቀትና የመግል እብጠት ይፈጁታል፣ ዓለም አቀፍ ንግዱም በዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት (CITES) ሥር በጥብቅ የተያዘ ነው። ለግለሰብ አርቢ የሚሆን አይደለም።

ሆግ አጋዘን ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን፣ ሲሸሽ ራሱን ዝቅ አድርጎ በቁጥቋጦ ሥር የሚሾልክ እንስሳ ነው። በለቀቀ ስብስብ ይኖራል፤ ረጅም ሣርና መሸሸጊያ ካለው ይለመዳል። ከአክሲስ ጋር ስለሚዳቀል ሁለቱን በአንድ አጥር አያኑሩ።

ለሥራው የሚሆኑት ከትንንሾቹ ከፍ የሚሉት ሁለቱ ናቸው። ፋሎ አጋዘን፣ ሴቷ ከ35 እስከ 55 ኪሎ፣ በመንጋ የሚኖር፣ ሣር የሚግጥ፣ ብርድ የሚችል፣ ከትውልድ ትውልድ በፓርኮች ውስጥ የቆየ ዝርያ ነው። አክሲስ፣ ሴቷ ከ40 እስከ 60 ኪሎ፣ እንዲሁ በመንጋ ይኖራል፤ ሙቀት ይስማማዋል፣ ብርድ ግን ግልገሉን ይገድልበታል። እ.ኤ.አ. በ1932 ቴክሳስ የገባው አክሲስ በዚያ ሞቃት ሣር ምድር ላይ በደንብ ተራብቷል። የአክሲስ ችግሩ ዓመቱን ሙሉ መሰረሩና መውለዱ ነው፦ በማንኛውም ወር ቢሄዱ ቀንዱ የጠነከረ ወንድ፣ የከበደች ሴትና የተደበቀ ግልገል አብረው ስለሚገኙ መላውን መንጋ በሰላም የሚይዙበት ወቅት የለም። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1969 የአጋዘን እርባታን በሕግ ፈቅዳ ትልቅ ኢንዱስትሪ የገነባችው በቀይ አጋዘን፣ ማለትም በመንጋ በሚኖር እንስሳ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሒሳቡ

ዋጋ በየቦታው ስለሚለያይ ስሌቱን በገንዘብ ሳይሆን በኪሎ ሥጋ ይሥሩት። ከዚያ በአካባቢዎ ያለውን የሽቦ፣ የእንጨትና የመኖ ዋጋ በአንድ ኪሎ የአጋዘን ሥጋ ዋጋ እያካፈሉ ያስገቡ።

ጎኑ 200 ሜትር የሆነ 4 ሔክታር መሬት እንውሰድ። የውጭ አጥሩ 800 ሜትር ነው። ለአራት የግጦሽ ክፍሎች በመስቀለኛ ሲከፈል 400 ሜትር ይጨመራል፤ ድምሩ 1200 ሜትር። ሣሩ ጥሩ ከሆነ 30 የፋሎ ሴቶችን ከነግልገሎቻቸውና ዓመት ከሞላቸው ልጆቻቸው ጋር ይይዛል፤ ለአንዲት ሴት 40 ሜትር አጥር ማለት ነው። ከ30 ሴት 25 ግልገል ጡት እስኪጥል ከደረሰ ጥሩ ዓመት ነው። 4 ለመተኪያ ይቀራሉ፣ 21 ይታረዳሉ። በ16 እና በ18 ወራቸው በአማካይ 45 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ቆዳ፣ ራስ፣ እግርና የሆድ ዕቃ ሲወጣ ከነአጥንቱ 25 ኪሎ ያህል ይቀራል። ጠቅላላው 525 ኪሎ። በሜትር ሲካፈል 0.44 ኪሎ፣ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። አሮጌ ሴቶች ሲወጡ ትንሽ ይጨመራል።

እንግዲህ ሽቦው፣ ቋሚው፣ ምስማሩና ጉልበቱ ተደምሮ አንድ ሜትር አጥር የሦስት ኪሎ ሥጋ ዋጋ ካወጣ፣ አጥሩ ብቻ የሰባት ዓመት ያህል ጠቅላላ ምርት ይበላል። መኖ፣ መድኃኒትና ደሞዝ ገና አልተነሱም። በደንብ የተሠራ አጥር 20 ዓመት ስለሚቆይ ይህ ሥራውን አይገድለውም፤ ነገር ግን ብድር በአምስት ዓመት እመልሳለሁ የሚለውን እቅድ ይገድለዋል።

መሬቱ ሲያንስ ሒሳቡ ይከፋል። 1 ሔክታር ካሬ መሬት 400 ሜትር አጥር ይፈልጋል፤ 4 ሔክታር ግን በሔክታር 200 ብቻ። ቅርጹም ያው ነው፦ 20 ሜትር ስፋት፣ 500 ሜትር ርዝመት ያለው 1 ሔክታር 1040 ሜትር አጥር ይውጣል። ጠባብና ረጅም መሬት ያለው ሰው አጋዘን ባይጀምር ይሻለዋል።

አሁን ሙንትጃክን በዚሁ ሚዛን እናስቀምጠው። አንድ ወንድና ሁለት ሴት በ20 በ20 ሜትር ጉረኖ፣ 80 ሜትር አጥር። ሁለቱ ሴቶች በዓመት በአማካይ 2.6 ግልገል ቢያሳድጉ፣ እያንዳንዱ ሲታረድ 6 ኪሎ ቢወጣው፣ ድምሩ 16 ኪሎ ገደማ ነው። በሜትር 0.2 ኪሎ፤ የፋሎው ግማሽ እንኳ አይደርስም። ጉረኖዎቹን በተርታ ሠርተው ግድግዳ ቢያጋሩ ወደ 0.25 ከፍ ይላል። መኖው ላይ ደግሞ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ በሁለቱም ለአንድ ኪሎ ሥጋ ወደ 40 ኪሎ ደረቅ መኖ ይወጣል። ልዩነቱ ፋሎው አብዛኛውን በራሱ አፍ ከሜዳ ሲሰበስብ፣ የሙንትጃኩን ሰው አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ በየጉረኖው ማደሉ ነው። ስድስት ኪሎ ሥጋ ለማውጣት የሚያስፈልገው ማረድ፣ መግፈፍ፣ ማስመርመርና ማሸግ 25 ኪሎ ከሚወጣው እንስሳ እምብዛም አያንስም።

ከሥጋ በተጨማሪ ይሸጣል የሚባለውን ነገር በጥንቃቄ ያስሉ። ለጋ ቀንድ (ገና ያልጠነከረ፣ በለስላሳ ቆዳ የተሸፈነ ቀንድ) የሚነግዱት በቀይ አጋዘን፣ በኤልክና በሲካ አጋዘን ነው፤ የትንንሾቹ ቀንድ ቦታ የለውም፣ በብሪታንያ ደግሞ ለንግድ ለጋ ቀንድ መቁረጥ የተከለከለ ነው። ቆዳው ስስና ለስላሳ ስለሆነ ጓንት ለሚሠሩ ይፈለጋል፤ ነገር ግን በጥቂት ቁጥር የሚገዛ ፋብሪካ ማግኘት ይከብዳል። የሚያታልለው ለዘር የሚሸጥ እንስሳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዲት ሴት ለዘር ከሥጋዋ ዋጋ ብዙ እጥፍ ልታወጣ ትችላለች፤ ገዢው ግን እንደ እርስዎ አዲስ ጀማሪ ነው። አዲስ ጀማሪ መምጣቱ ሲቆም ዋጋው ወደ ሥጋው ዋጋ ይወርዳል። እቅድዎ በሥጋ ዋጋ ብቻ ካልቆመ አይጀምሩ።

አጥሩ

ለፋሎ 1.9 እስከ 2 ሜትር ቁመት ይበቃል፤ ለአክሲስ 2.4 ማድረግ ይሻላል፣ ሲደነግጥ ከፍ ብሎ ይዘላል። ሽቦው ከፍተኛ ውጥረት የሚችል፣ 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ቋጠሮው የማይንሸራተት መረብ ይሁን። ቋሚ ሽቦዎቹ በ15 ሳንቲሜትር ርቀት ቢሆኑ ለአዋቂው ይበቃሉ፤ አዲስ የተወለደ ግልገል ግን ይሾልክባቸዋል። ስለዚህ የታችኛውን 60 ሳንቲሜትር ቀዳዳው ከ7.5 ሳንቲሜትር በማይበልጥ መረብ ይደርቡት። ለሙንትጃክና ለውሃ አጋዘን ቁመቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ ቀዳዳው ግን ከታች እስከ ላይ 7.5 ሳንቲሜትር ነው። ሙንትጃክ ከመዝለል ይልቅ በሥር መግባት ስለሚቀናው ከመረቡ 30 እስከ 40 ሳንቲሜትሩን ወደ ውስጥ አጥፈው መሬት ላይ ይቸክሉት። ውሾችና ሌሎች አዳኞች ባሉበት ወደ ውጭም ያጥፉ።

ለ2 ሜትር አጥር የማዕዘንና የመጨረሻ ቋሚዎች ውፍረታቸው ከ18 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ርዝመታቸው 3 ሜትር፣ አንድ ሜትሩ የተቀበረ፣ በገደምዳሜ ድጋፍ የተያዙ መሆን አለባቸው። የመካከሎቹ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ውፍረት፣ 2.7 ሜትር ርዝመት፣ 70 ሳንቲሜትር ቅብር፤ በሜዳ ላይ በየ4 እና በየ5 ሜትሩ፣ በጎርበጥባጣ መሬት በየ3 ሜትሩ። ምስጥና ብስባሴ የሚከላከል መድኃኒት ያልጠጣ እንጨት መሬት ውስጥ ከገባ የአጥሩ ዕድሜ የእንጨቱ ዕድሜ ነው፤ ሽቦው ገና ሳይዝግ ቋሚው ይወድቃል። መረቡን ከእንስሳቱ በኩል ይምቱት፤ ሲገፉት ቋሚው ላይ ያርፋል እንጂ ምስማሩን አይነቅልም። የሽቦ ምስማሩን እስከ መጨረሻው አይምቱ፤ ሽቦው እንዲንሸራተት ጥቂት ይተዉ፣ አለበለዚያ አጋዘን ሲላተምበት ግፊቱ አንድ ቦታ ላይ ያርፍና ይበጠሳል።

ሹል ማዕዘን ወጥመድ ነው። የሚባረር አጋዘን ማዕዘን ውስጥ ገብቶ ሌላው ይረግጠዋል፤ ማዕዘኖቹን በሦስት ቋሚ ክብ ያስመስሏቸው ወይም በሳንቃ ይዝጉ። በሁለቱም ወገን 3 ሜትር ከቁጥቋጦና ሊወድቅ ከሚችል ዛፍ ያጽዱ። ጅረት አጥሩን ከሚያቋርጥበት ላይ ከውሃው ጋር የሚወዛወዝ ከባድ መጋረጃ መዝጊያ ይስቀሉ፤ ከአጥር የሚያመልጥ አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚያመልጠው በጎርፍ በተከፈተ ጉድጓድና ሳይዘጋ በቀረ በር ነው። በሩ እንደ አጥሩ ቁመት ይኑረው፣ በሥሩ ያለው ክፍተት ከ8 ሳንቲሜትር አይብለጥ፣ በዋናው መግቢያ ላይ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው የማይከፈት ድርብ በር ይሁን።

እንስሳቱ ሲመጡ አጥሩን አያውቁትም። ከመልቀቅዎ በፊት በየ2 ሜትሩ ነጭ ጨርቅ ወይም ቅርንጫፍ ያንጠልጥሉበት፤ በመሸ ጊዜ አይልቀቁ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት በትንሽ ክፍል ካቆዩአቸው በኋላ ነው ሰፊው የሚከፈተው።

መያዣው

ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን በአጥር ጨርሶ እንስሳቱ ለመርፌና ለምርመራ የሚያዙበትን መያዣ ሳይሠራ ይቀራል። ከዚያ መርፌ መውጋት ሲያስፈልግ መንጋውን በሜዳ ያባርራል፤ በሳምንቱ ሦስትና አራት ሬሳ ይሰበስባል።

መያዣው በየቀኑ መኖ ከሚበሉበት ክፍል ይጀምር። ከዚያ 30 ሜትር ያህል እየጠበበ የሚሄድ፣ ጎኑ በሳንቃ ወይም በወፍራም ሸራ የተደፈነ፣ 2 ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ ይከተላል። መተላለፊያው ቀጥ ያለ ሳይሆን የሚጠመዘዝ ይሁን፤ አጋዘን መውጫ ያለ ሲመስለው ወደፊት ይሄዳል። መጨረሻው 3 በ3 ሜትር የሆነ ጨለማ ክፍል ነው። በጨለማ አጋዘን ይረጋጋል፣ ይቆማል፤ ከአምስት እስከ ስምንት ፋሎ በአንድ ጊዜ ያስገቡ። ከክፍሉ ቀጥሎ አንድ እንስሳ ብቻ የሚይዝ፣ ጎኖቹ በስፖንጅ የተለበጡ፣ ወለሉ ሲለቀቅ እንስሳው በጎኖቹ ተደግፎ እግሩ በአየር ላይ የሚቀር ማቆሚያ ቢኖር መርፌና የጆሮ ቁጥር ያለ ትግል ይሠራሉ። ለሙንትጃክ ጥቁር ጨርቅ ከረጢትና ወደ ሳጥን የሚያስገባ ትንሽ ተንሸራታች በር ይበቃል።

ንጋት ላይ ይሥሩ፤ በሙቀት ቀን ፈጽሞ አይንኩ። ሁለት ሰው ዝም ብሎ ይራመድ፣ ውሻ አይኑር፣ ጩኸት አይኑር። መንጋው ከዞረብዎ አይከተሉ፤ በሩን ክፍት ትተው በማግስቱ ይሞክሩ።

መኖ

ትንሽ አጋዘን የሚያመሰኩ ሌሎች እንስሳት ታናሽ ቅጂ አይደለም። ሰውነቱ ባነሰ መጠን ጨጓራው ጠባብ፣ ጉልበት የመፈለግ ፍጥነቱ ግን ከፍተኛ ነው፤ ስለዚህ ጠጣር ድርቆሽ ውስጡ ሞልቶ ሳለ በረሃብ ይሞታል። ሙንትጃክ፣ ሮና የውሃ አጋዘን ለጋ ቅጠል፣ ቡቃያ፣ ፍራፍሬና አልፋልፋ ይፈልጋሉ። ፋሎና አክሲስ ሣር ይግጣሉ፤ ቅጠል ሲገኝ ግን አይጠሉም።

የቀን ደረቅ መኖ ፍላጎት ከሰውነት ክብደት ከ2.5 እስከ 4 በመቶ ነው፤ ትንንሾቹ ወደ ላይኛው ይጠጋሉ። የፋሎ ሴት 1.2 ኪሎ፣ ሙንትጃክ 450 ግራም ያህል። ሣር በማይገኝባቸው 120 ቀናት ድርቆሽ ራሱ ጥቂት እርጥበት ስላለው ለአንዲት ፋሎ 170 ኪሎ ያስፈልጋል፤ የሚረገጠውና የሚበሰብሰው ሲታከል 190። ለ30 ሴት 5.7 ቶን ነው፤ ይህን በመኸር ገዝቶ ወይም አጭዶ ከጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ይገባል።

ፋጉሎ፣ ፉርሽካና እህል የተቀላቀለ መኖ ለምታጠባና ለሚያድግ እንስሳ ይጠቅማል፤ ፕሮቲኑ 16 በመቶ ይሁን፣ ለሌላው ከ12 እስከ 14 ይበቃል። በቀን ከ50 ግራም ጀምረው በሦስት ሳምንት ወደ 250 ግራም ያድርሱት። በአንድ ጊዜ ብዙ እህል የበላ አጋዘን ጨጓራው አሲድ ይሞላል፤ መጀመሪያ ይደብተዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ገንዳው ለአንድ ራስ 50 ሳንቲሜትር ይድረሰው፣ በተለያየ ቦታም ይቀመጥ፤ አንድ ገንዳ ብቻ ካለ ጉልበተኞቹ ጠግበው ደካሞቹ ይከሳሉ። ሳይፈሩ የሚጠጉበት ንጹሕ ውሃ ዘወትር ይኑር። ኦሊያንደርና ሮዶዴንድሮን የተባሉት ቁጥቋጦዎች በአጥሩ ውስጥ ወይም አንገት ሊደርስበት በሚችል ቦታ አይኑሩ፤ ሁለቱም ይገድላሉ።

ለበግ የተዘጋጀ የማዕድን ጨው አይስጡ። በግ በመዳብ ስለሚመረዝ መዳቡ ሆን ተብሎ ይቀነስበታል፤ አጋዘን ግን መዳብ ሲያጥረው የኋላ እግሩ ይወላከፋል፣ ፀጉሩ ይደበዝዛል።

ስሪያና ግልገል

አንድ የበሰለ የፋሎ ወንድ ከ20 እስከ 30 ሴት ይበቃዋል፤ ዓመት ከመንፈቅ ለሆነው ከ10 በላይ አይስጡት። ከስሪያው ወቅት አንድ ወር ቀድሞ ይግባ፣ ከሁለት ወር በኋላ ይውጣ፤ ሳይወጣ ከቀረ ዘግይተው የተረገዙት በክፉ ወቅት ይወለዳሉ። ወጣት ሴት ክብደቷ የአዋቂዋን ሦስት አራተኛ ካልደረሰ አታስሰርሯት፤ ብትወልድም ወተቷ ያጥራል፣ በቀጣዩ ዓመትም ሳትጸንስ ትቀራለች። እርግዝናው 230 ቀን ያህል ነው፣ መንታ ብርቅ ነው።

ከመውለጃቸው ሁለት ሳምንት በፊት ረጅም ሣር ወዳለው ክፍል ያዛውሯቸው፤ ሣር ከሌለ የቅርንጫፍ ክምር በየቦታው ያስቀምጡ። እናት ግልገሏን ደብቃ ትሄዳለች፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ተመልሳ ታጠባለች። ብቻውን የተኛ ግልገል የተጣለ አይደለም። ሰው አንስቶት ወደ ቤት ሲወስደው ነው የሚጣለው። ለመመዘንና ቁጥር ለማሰር ከተወለደ 12 ሰዓት ሳይሞላው አይንኩት፤ ከሁለት ቀን ካለፈ ደግሞ አይያዝም። የፋሎ ግልገል ሲወለድ 4 ኪሎ ያህል፣ የሙንትጃክ ከ1 ኪሎ ጥቂት ከፍ ይላል።

እናቱ ሞታ በጡጦ የሚያድግ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን የክብደቱን 10 በመቶ ያህል እንገር፣ ከፍየልም ቢሆን፣ በአራትና አምስት ጊዜ ከፋፍለው ይስጡ። ከእያንዳንዱ ጡጦ በኋላ መቀመጫውን በርጥብ ሙቅ ጨርቅ ይሹት፤ እናቱ በምላሷ የምትሠራው ይህን ነው፣ ካልተሠራለት አይሸናም። በጡጦ ያደገ ወንድ ግን ለዘር አይቀመጥም። ሰውን አይፈራም፤ በስሪያ ወቅት ሰውን እንደ ተቀናቃኝ ወንድ ይወጋል። ይኮላሽ ወይም ይታረድ።

ሞት የሚመጣበት

ከበሽታ ሁሉ ቀድሞ የሚገድለው ማባረር ነው። በፍርሃትና በሩጫ ብዛት የአጋዘን ጡንቻ ይቃጠላል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል፣ የፈረሰው ጡንቻ ኩላሊቱን ይዘጋዋል። እንስሳው ያለከልካል፣ ይደርቃል፣ ሽንቱ ቡናማ ይሆናል፤ በሰዓታት ውስጥ ወይም ከቀናት በኋላ ይሞታል። ፈውሱ እምብዛም ነው፣ መከላከያው ግን ከላይ የተጻፈው መያዣ ነው። በዛይላዚን ማደንዘዝ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ የተወጋው እንስሳ ሥጋ እስኪፈቀድ የሚጠበቀውን ቀን ሐኪሙ ይነግርዎታል፣ ይጻፉት።

በግና ፍየል ሳይታመሙ የሚሸከሙት የሄርፒስ ቫይረስ ለብዙ አጋዘኖች ገዳይ ትኩሳት ነው። ፋሎ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ቢሆንም መስክ፣ ገንዳና ውሃ አያጋሩ። የሳንባ ነቀርሳ ከከብት ወደ አጋዘን ይተላለፋል፤ ካልተመረመረ መንጋ አይግዙ፣ የገቡትንም ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ቀን ለብቻ ያቆዩ። በቆላማና እርጥብ ግጦሽ የሳንባ ትልና ደም የሚመጥ የጨጓራ ትል ግልገሎችን ያጠቃሉ፤ ሳል፣ ነጭ ድድና መክሳት ምልክቶቻቸው ናቸው። በየወሩ ከደርዘን እንስሳት ሰገራ ሰብስበው ያስመርምሩ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብቻ መድኃኒት ይስጡ። በዘፈቀደ የሚሰጥ የትል መድኃኒት ትሉን ያለማምደዋል፤ አጋዘን መድኃኒቱን ከከብት ቶሎ ከሰውነቱ ስለሚያስወጣ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ማረድና መሸጥ

ለሥጋው ጥራት ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት ናቸው። የተባረረ እንስሳ የጡንቻ ስኳሩን አቃጥሎ ስለሚሞት ሥጋው ጠቁሮ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ሕጉ በሚፈቅድበት ሁሉ መኖ እየበላ በቅርብ ርቀት ራሱ ላይ በጥይት መግደል ከማጓጓዝ እጅግ ይሻላል፤ እንስሳው ሳያውቅ ይወድቃል። ወዲያው ደሙ ይፍሰስ፣ የሆድ ዕቃው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይውጣ። ሥጋው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ7 ዲግሪ በታች ይውረድ፤ ከዚያ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ውስጥ ፋሎን ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ሙንትጃክን ከ2 እስከ 4 ቀን ይስቀሉ። ትንሽ ሥጋ ረጅም ጊዜ ከተሰቀለ ከውጭ እየደረቀ ክብደቱን ያጣል።

የተሰቀለው 25 ኪሎ ከአጥንት ሲለይ 17 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ በውድ የሚሸጠው የጀርባና የታፋ ሥጋ ከዚህ ግማሽ ገደማ ነው። የቀረው ትከሻ፣ አንገትና ጎድን ተፈጭቶ ወይም ለወጥ ተቆራርጦ ካልተሸጠ ትርፉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ገዢ ሲያነጋግሩ ሙሉ እንስሳ የሚወስደውን ያስቀድሙ፤ ጀርባውን ብቻ የሚፈልግ ምግብ ቤት ዋጋውን ካልጨመረ አያዋጣም። ስቡ ጥቂትና ቶሎ የሚረጋ ስለሆነ ለገዢው በደንብ አጽድተው ይስጡ፣ በኃይለኛ እሳት ለአጭር ጊዜ እንዲያበስለውም ይንገሩት፤ ከመጠን በላይ የበሰለ ጀርባ ይደርቃልና ሁለተኛ አይገዛም።

ሲጀምሩ በመጀመሪያው ዓመት አጥሩንና መያዣውን ብቻ ይጨርሱ፣ ሣሩን ያሳርፉ። በሁለተኛው ዓመት ከአንድ የተመረመረ መንጋ 10 ወጣት ሴቶችና አንድ ወንድ ያስገቡ፤ ከተለያየ ቦታ የተለቃቀሙ እንስሳት አይስማሙም። ያን ዓመት የሚወለዱት ሥጋ የሚሆኑት ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላቸው ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ገቢ ከአጥሩ መሠረት አራት ዓመት ያህል ርቆ ይመጣል። የዚያን ጊዜ ወጪ የሚሸፍን ሌላ ምንጭ ከሌለ ሴቶቹ ለሥጋ ይሸጣሉ፣ ባዶው አጥር ብቻ ይቀራል።